አራት ቀን የቀደመው አርባ

ዶልኒ ብሮድ፣ ቡልጋሪያ
ጁን 9 ቀን 1998

ይድረስ ለወይዘሮ ጌና፣
ፌራራ፣ ጣሊያን

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ዝላቲና ማንዞቫ እባላለሁ፤ የወንድምሽ የዴልቾ ጠበቃ ነኝ። በዕድሜ ልጄ ስለምትሆኚ አንቺ ብዬ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። ከሁሉ አስቀድሜ የባለቤትሽን የሚንኮን ነፍስ ይማር፣ አንቺንም ያጽናሽ። ይህን የምልሽ ባልሽን ገድሏል የተባለውን ሰው ልከላከል ተቀምጬ ነው። ሟቹ ባልሽ፣ ተከሳሹ ወንድምሽ፤ በየትኛው ላጽናናሽ እንደሚገባ እኔም ግራ ገብቶኛል።

በደብዳቤሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ አትገደጅም ነው። እህት በወንድሟ ላይ እንድትመሰክር ሕጉ አያስገድዳትም። ብትጠሪ «አልመሰክርም» ብለሽ መቀመጥ ትችያለሽ፤ ለምን የሚልሽ የለም። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እስካሁን ማንም አልጠራሽም፣ ዐቃቤ ሕጉ አድራሻሽን እንኳ አያውቅም። ሰው ሳይጠራ «ብጠራስ» ብሎ የሚጨነቀው ለምንድን ነው?

ነገሩ ያለበትን ልንገርሽ። አስከሬኑ ኤፕሪል 2 ቀን በዴልቾ የወይን እርሻ፣ በአሮጌው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ። ጉድጓዱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሐኪሙ «በማርች አጋማሽ ሞቷል» ከማለት አላለፈም። ቀኑን የቆረጠው ጎረቤታችሁ ጻንኮ ነው፤ በሜይ ቀርቦ «ሚንኮን ሰኞ ማርች 16 አመሻሽ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ዴልቾም «በማግስቱ በ17 ገደልኩት» ብሎ አመነ። አንቺ ቅዳሜ በ14 አውቶቡስ ተሳፍረሽ ሄደሻል፤ ስለዚህ ስምሽን የሚያነሳ የለም።

ተስፋ አትቁረጪ። ማንም ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ንጹህ ነው ተብሎ ይገመታል። አመንኩ ማለትም ብቻውን አያስፈርድበትም፤ ቃሉን የሚደግፍ ሌላ ማስረጃ መምጣት አለበት። ወንድምሽ «ገደልኩበት» ያለውን የመጥረቢያ እጀታ ፖሊስ ቤቱን ገልብጦ ፈልጎ አጥቶታል። እዚያ ላይ የምንቆምበት መሬት አለን።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ዴልቾ የሚነግረኝ ሁሉ ምስጢር ነው፣ ዳኛም ከአፌ አያወጣውም። አንቺ ደንበኛዬ አይደለሽም። አንቺ የምትጽፊልኝ ወረቀት ፍርድ ቤት ካዘዘ ይነበባል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና እያመዛዘንሽ ጻፊ።

ዴልቾና ሚንኮ ጠብ ነበራቸው? ለቀብሩስ ለምን አልመጣሽም? የመንደሩ ሰው ይህን አብዝቶ ይጠይቃል።

ዝላቲና ማንዞቫ

*

ፌራራ
ጁን 28 ቀን 1998

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ዝላቲና፣

ከፍ ያለ ሰላምታዬ ይድረስዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የማስታምማቸው አሮጊት ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ እሳቸው ካላሸለቡ እኔ እስክሪብቶ አልይዝም። የእጅ ጽሑፌም ድሮም ዶሮ የጫረው ነው፣ ዴልቾ ሁልጊዜ ይስቅብኝ ነበር።

ለቀብር ያልመጣሁት የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለኝ ነው። ከወጣሁ አይመልሱኝም። ወረቀቱን ላወጣ ሄጄ ጸሐፊዋ ፓስፖርቴን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «ይሄ ደግሞ ከየት እሳት ወጣ?» ብላ ሳቀችብኝ፤ ጥጉ ትንሽ ተቃጥሏል። የምድጃ ፍንጣሪ ነው አልኳት። ይኸው ሌላ ማስረጃ አምጪ እያለች ታመላልሰኛለች።

ዴልቾና ሚንኮ ጠብ አልነበራቸውም። አማቾች ናቸው፣ አንዳንዴ ይኮራረፋሉ፤ ያም ሆኖ በየመኸሩ ለክረምት የሚሆነውን ጎመን አብረው በጨው በርሜል ውስጥ ይደፍቁት ነበር። ጻንኮም ጥሩ ሰው ነው። ያየውን ነው የሚናገረው፤ በጥያቄ አያስጨንቁብኝ።

«ለምን ጠየቅሽ» ላሉኝ እንዲሁ ነው። ሰው አገር ተቀምጦ ሰው ብዙ ያስባል።

የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርሰኝ የፖስታው ከንፈር ተላጦ እንደገና የተለጠፈ መሰለኝ። የሚከፍተው ሰው ይኖር ይሆን? ሲያሽጉት ማን አጠገብዎ ይቀመጣል?

ዴልቾ ይበላል ወይ? እናታችን ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ሦስት። እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ጉንፋን ቶሎ ይይዘዋል፤ የሱፍ ካልሲ ቢያስገቡለት ውለታዎን አልረሳም።

ጌና

*

ዶልኒ ብሮድ
ጁላይ 20 ቀን 1998

ለጌና፣

ካልሲውን አስገብቼለታለሁ። ፖስታውን የከፈተው የለም፤ ርካሽ ሙጫ ስለምገዛ ነው። ቢሮዬ ውስጥ ከእኔና ከአንዲት መስማት የተሳናት ድመት በቀር ማንም የለም። መጠርጠርሽን ግን አልነቅፍም፣ እኔም የምኖረው በሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት መንደራችሁ ሄጄ ነበር። በግቢሽ በር ላይ የሚንኮ የሐዘን ወረቀት አሁንም አለ። መቼም ዝናብ እስኪበላው የሚነቅለው የለ፤ ፎቶው ነጥቷል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል። «ውዳችን ሚንኮ ከተለየን አርባ ቀን። ኤፕሪል 21 በመቃብሩ ላይ ጸሎት ይደረጋል። ባለቤቱ።»

እዚያው ቆሜ በጣቴ ቆጠርኩ። ሰውዬው በ17 ከሞተ አርባው ኤፕሪል 25 ነው። ከ21 ወደ ኋላ ስቆጥር ዓርብ ማርች 13 ላይ አረፍኩ። አውቶቡስሽ ከመነሳቱ አንድ ቀን በፊት ማለት ነው።

ቄስ ሳቫ ዘንድም ገባሁ። «በትንሣኤ ሳምንት ተዝካር አይደረግም፣ እናሸጋግረው ብያት ነበር» አሉኝ። አንቺ ግን ከጣሊያን ደውለሽ «ነፍስ ቀጠሮዋን አታሸጋግርም፣ በዚያው ቀን ይሁን» ብለሽ አለቀስሽባቸው። እሳቸውም አሳዘንሻቸውና መቃብሩ ላይ ሄደው ለሙታን የሚቀቀለውን ስንዴ ባረኩልሽ። ያኔ ሚንኮ የሞተበትን ቀን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጻንኮ ቃሉን የሰጠው በኋላ ነው።

አትመልሺልኝ። ይህ ጥያቄ አይደለም።

ጻንኮ ቆሞ ያየበትን ቦታ አሳየኝ። ከአጥሩ እስከ መንገዱ ሩቅ ነው። መሽቶ ነበር፤ ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል፣ ቡናማውን የሚንኮን ካፖርት ለብሷል፣ የሚንኮን ቆብ አድርጓል። ደስ ብሎኝ ወደ ማረፊያ ቤት ሮጥኩና ለወንድምሽ ነገርኩት። ጻንኮን ችሎት ላይ «ፊቱን አይተሃል?» ብዬ ብጠይቀው ምስክርነቱ ይፈርሳል፣ የእምነት ቃሉም ያለ ደጋፊ ይቀራል አልኩት። ዴልቾ ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ፣ ያንን ከጠየቁ ጠበቃዬ አይደሉም» አለኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ስሟገት «አታድኑኝ» ያለኝ ደንበኛ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሁለት ደብዳቤሽ ባልሽ በምን እንደሞተ አልጠየቅሽኝም።

ዝላቲና

*

ፌራራ
ኦገስት 9 ቀን 1998

እትዬ ዝላቲና፣

ሰላም ልበልዎ ወይስ ልተወው? ደብዳቤዎን አንብቤ ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም። እርስዎን የለመንኩት ወንድሜን እንዲያድኑልኝ እንጂ ደጄ ላይ ቆመው በጣትዎ እንዲቆጥሩ አይደለም። እውነቱን ይንገሩኝ፣ የሚንኮ እናት ዮርዳና መጥታ አነጋግራዎታለች? እሷ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ጉድጓዴን ስትቆፍር የኖረች ሴት ናት። የማን ወገን እንደሆኑ ማወቅ አለብኝ።

ተሳስቼ ነው። በቃ። እዚህ ሰኞና እሑድ አንድ ነው፤ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ በጎን ማገላበጥ። ቀን ጠፋብኝ። አራት ቀን ስቶ መቁጠር ወንጀል ነው እንዴ? ለቄስ ሳቫም እንደዚያ አላልኳቸውም፤ ስልኩ ይንኮሻኮሽ ነበር።

በምን ሞተ ብዬ ያልጠየቅሁት መስማት ስላልፈለግሁ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት አብሬው የኖርኩ ባሌ ነው። የሚንቀውንም የሚያፈቅረውንም በአንድ እጁ የሚመታ ሰው ነበር፤ ቢሆንም ባሌ ነው።

ጻንኮን ደግሞ አይጠይቁት። ዴልቾ አይጠይቁ ካለ አለ ነው። እርስዎ የሱ ጠበቃ ነዎት ወይስ የኔ ዳኛ?

የላክሁልዎትን ወረቀቶች የት ነው የሚያስቀምጧቸው? ቢያቃጥሏቸው ምን ይሆናል?

ጌና

*

ዶልኒ ብሮድ
ኦገስት 30 ቀን 1998

ለጌና፣

ዮርዳና ቢሮዬ መጥታ አታውቅም። አንድ ቀን ገበያ መሐል አግኝታኝ እግሬ ሥር ተፍታ አልፋለች። ይህ መነጋገር ከሆነ ተነጋግረናል።

ወረቀቶችሽን አላቃጥልም። ማስረጃ ያቃጠለ ጠበቃ ከደንበኛው ጎን ይታሰራል፤ ያን ጊዜ ለዴልቾ ማን ይቆምለታል? መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፣ መሳቢያው ይቆለፋል፣ ሊከፈት ግን ይችላል። ለሁለተኛ ጊዜ ነው የምነግርሽ። ቁጣሽ አላስቀየመኝም፤ ባትቆጪ ኖሮ የበለጠ እፈራሽ ነበር።

የኔን ጭንቅ ልንገርሽ። ሕጉ ጥርጣሬ ሁሉ ለተከሳሹ ይሁን ይላል። ማን እንደገደለ ማስረዳት የኔ ሥራ አይደለም፤ ሸክሙ የዐቃቤ ሕጉ ነው። እኔ ጥርጣሬ ማስገባት ብቻ ይበቃኛል። ሌላ ጊዜ ይህን እንደ ጨዋታ ነበር የምወደው። በዚህ መዝገብ ግን ከወንድምሽ ትከሻ የማወርደው ጆንያ ሌላ ትከሻ ሊፈልግ ነው። ዴልቾም ይህን ከኔ ቀድሞ ያየ ይመስለኛል።

የስድስት ወሩ ቀን እየደረሰ ነው፣ አንቺም ወረቀት ታሳትሚያለሽ። በ17 አድርጊው ልልሽ አልችልም፤ የሐሰት ማስረጃ መፍጠር ይሆናል። በ13 አታድርጊው ልልሽም አልችልም። ዝም አይነቅዝም ሲባል የሰማሽ ይመስለኛል። እሱን ብቻ ልበልሽ።

ዝላቲና

*

ዶልኒ ብሮድ
ሴፕቴምበር 21 ቀን 1998

ለጌና፣

መልስሽን ስጠብቅ ወረቀቱ ቀደመሽ። በበርሽ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተለጥፏል። «ስድስት ወር። ሴፕቴምበር 13።» አታሚውን ጠየቅሁት። «ቀኑን ደግመሽ አረጋግጪ ብያት ነበር፤ በስልክ አለቀሰችና አስራ ሦስት በለው አለችኝ» አለ።

በኦገስት ደብዳቤሽ ቀን ጠፋብኝ ብለሽኝ ነበር። የጠፋ ቀን ተመልሶ እዚያው ቦታ አይገኝም፣ ጌና።

ዮርዳናም ቆጥራለች። ወረቀቱን ከምሰሶው ነቅላ ለዐቃቤ ሕጉ ወሰደችለት። ምን እንዳላት ታውቂያለሽ? «እናቴ፣ ምራትሽ ሰው አገር ሆና ቀን ቢጠፋባት ምን ይገርማል?» ብሎ ሸኛት። ያመነ ተከሳሽ አለው፣ ያየ ምስክር አለው፣ አስከሬኑም ከተከሳሹ ጉድጓድ ወጥቷል፤ ከዚህ በላይ ለምን ይድከም። ምድር ቤትሽን እንኳ አንድ ፖሊስ ገብቶ አላየውም።

ችሎቱ ኖቬምበር 12 ነው። ጥያቄዬን ካልጠየቅሁ ዴልቾ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች አይፈረድበትም። ትናንት አየሁት። ከስቷል። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጌና አሮጊት በሕይወት አሉ ወይ፣ ሥራው አልቀረባትም ወይ አለ። በሕይወት አሉ አልኩት። ፈገግ አለ።

ይህን የጻፍኩልሽ ምንም እንድታደርጊ አይደለም። ምክር የምሰጠው ለደንበኛዬ ነው፤ ደንበኛዬ ደግሞ ምንም እንዳልነግርሽ አጥብቆ አዞኛል። ስለዚህ ምንም አልነገርኩሽም።

ዝላቲና

*

ፌራራ
ኦክቶበር 11 ቀን 1998

ይድረስ ለእትዬ ዝላቲና፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው በቁጣ ስለጻፍኩልዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ወገንዎን የጠረጠርኩት የራሴ ነገር ስለከበደኝ ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደራ ፖስታ ልኬዋለሁ። ግልባጩን ለፍርድ ቤቱ ልኬያለሁ፤ ዴልቾ እርስዎን «ከዱኝ» እንዳይልዎት ብዬ ነው። የምጽፈው ምስጢር እንዳልሆነ ደጋግመው ነግረውኛል። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ፈራሁ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። ዛሬ ግን እንዲነበብ ነው የምጽፈው።

ሚንኮ የሞተው ዓርብ ማርች 13 ከሰዓት በኋላ ነው። የመታሁት እኔ ነኝ። ሻንጣዬን እያሰርኩ ነበር። ፓስፖርቴን ከቦርሳዬ አወጣና ምድጃው ውስጥ ወረወረው። «አሁን ሂጂ እስቲ» አለኝ። እጄን ከትቼ አወጣሁት። ሊነጥቀኝ ሲመጣ የእሳት መቆስቆሻው እጄ ላይ ነበር። አንዴ ነው የመታሁት። ሁለተኛ አላስፈለገም።

ዴልቾ ሊሰናበተኝ ሲመጣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። ምንም አልጠየቀኝም። «ነገ አውቶቡሱ ላይ ትወጫለሽ፣ ሌላውን ለኔ ተዪው» አለ። እኔም ወጣሁ። በመምታቴ አዝናለሁ፤ የማፍረው ግን በመውጣቴ ነው። ሰኞ ዕለት ጻንኮ ያየው ዴልቾን ነው፣ የሚንኮን ካፖርት ለብሶ፤ እኔ ከሄድኩ በኋላ ሚንኮ በሕይወት የነበረ እንዲመስል። ጻንኮ አልዋሸም፣ ጥሩ ሰው ነው ብዬዎት ነበር።

በትንሽነቱ ሲታመም ጀርባዬ ላይ አዝዬው ሐኪም ዘንድ ስምንት ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ። ያንን እየከፈለኝ ይመስለዋል። እኔ እንዲከፍለኝ አላዘልኩትም።

የሰው ቃል ብቻውን አያስፈርድም ብለውኛል። የኔንም «እህቱ ናት፣ ልታድነው ነው» ብለው እንዳይጥሉት ሌላውን ይኸው። መቆስቆሻው በሚንኮ ሸሚዝ ተጠቅልሎ በቤታችን ምድር ቤት፣ ከጎመኑ በርሜል ሥር ነው። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ዴልቾ አላየውም፣ ቦታውንም አያውቅም፤ ስላላየው ነው የመጥረቢያ እጀታ ነበር ብሎ የዋሸው። ፓስፖርቴን አልላክሁትም፣ ልመጣበት ነው። ኖቬምበር 11 እደርሳለሁ፣ ጥጉን ያዩታል።

ቀኑን ለምን በ13 እንዳደረግሁት ጠይቀው «አትመልሺልኝ» ብለውኝ ነበር። ልመልስልዎ። በአርባው ነፍሱ ከፈጣሪ ፊት ትቆማለች። ሕይወቱን ወስጄ ሳለ፣ በምትቆምበት ቀን የሚጸልይላት ሰው እንዳይኖር ደግሞ ላድርግ? ይህንን አልቻልኩም። ለፖሊስ ቢሆን እዋሻለሁ፣ ለእርስዎም ዋሽቻለሁ። ለሙት ግን ቀኑን መዋሸት አቃተኝ።

ለአሮጊቷ ሌላ ሴት ፈልጌላቸዋለሁ። ልሄድ ነው ስላቸው አለቀሱ።

ጌና

*

ዶልኒ ብሮድ
ኖቬምበር 15 ቀን 1998

ይድረስ ለጌና፣
የሴቶች ማረፊያ ቤት

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ብርድ ልብሱ እንደደረሰሽ ነገሩኝ።

እንደደረስሽ ስለያዙሽ ችሎት ውስጥ አልነበርሽምና ልንገርሽ። መቆስቆሻው ካልሽው ቦታ ተገኝቷል። ዐቃቤ ሕጉ ግን ሰኞ ዕለት የታየውን ሚንኮ ይዞ አልለቅም አለ፤ ሰውዬው ሰኞ ካለ ዓርብ አልሞተም ይላል። ስለዚህ ተነሳሁና አራት ወር ሙሉ የዋጥኩትን ጥያቄ ጻንኮን ጠየቅሁት።

«ፊቱን አይተሃል?»

ቆቡን በእጁ እያዞረ፣ «ካፖርቱን ነው ያየሁት» አለ። «ካፖርቱ የሚንኮ ነው። ፊቱንማ አላየሁም።»

ዴልቾ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ብዙ ሰው ነጻ ሲወጣ ቆሜ አይቻለሁ፣ እንደዚያ የከፋው ግን አላየሁም። እኔም አለቀስኩ፤ በሥራዬ የማላደርገው ነገር ነው።

ከሐሙስ ጀምሮ ቤቱ ነው። ወንድም እህቱን ቢደብቅ ሕጉ አይቀጣውም፤ ያን ያህል አንጀት አለው። እኔን አያናግረኝም። ሰላም ስለው ጀርባውን ይሰጠኛል፣ ይገባኛል። ትናንት ግን ደጄ ላይ የሱፍ ካልሲ በፌስታል ተንጠልጥሎ አገኘሁ፤ ከውስጡ «ለጌና» የምትል ቁራጭ ወረቀት አለች። አስገብቼልሻለሁ።

ጠበቃሽ ኢስክራ ነገ ትመጣለች። ጎበዝ ናት፣ ከኔም በላይ ተጠራጣሪ ናት። ስለ ምድጃው፣ ስለ አሥራ ስምንቱ ዓመት፣ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪያት። ለእሷ የምትነግሪያት ሁሉ ምስጢር ነው። ለኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ አትጻፊልኝ፤ መሳቢያዬ አሁንም ይከፈታል።

የዓመቱን ወረቀት አታሚው ዘንድ ሄጄ አዝዣለሁ፤ በጊዜው ከዚያ ሆነሽ መደወል አትችይምና። ቀኑን ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደረግሁት። ማርች 13 ይላል።

ዝላቲና ማንዞቫ